አምስት ጥያቄ ለጊዜያዊ መምህር

ጉርድ ሾላ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ የተከራየ የግል ኮሌጅ አለ። ትምህርት ከተጀመረ ወር ቢሞላውም የኮምፒውተር ተማሪዎቹ ዲስክሪት ማቲማቲክስ የሚባለውን የሒሳብ ትምህርት የሚያውቁት በስም ብቻ ነበር። አስተማሪያቸው የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ኮሌጁ ለአንድ ሴሚስተር የሚያስተምር ጊዜያዊ መምህር ፈልጎ ማስታወቂያ ለጠፈ።

የቅጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ዲኑ ዶክተር ይድነቃቸው ናቸው። ዶክተር ሥራ የሚሠሩት በር ቆልፈው ነው። ሪፖርትም ይሁን የጥናት ጽሑፍ፣ ስልካቸውን ይዘው ቢሯቸው ይገባሉ፤ ሲወጡ ያለቀለት ሥራ ይዘው ነው። “አእምሮ ጸጥታ ይወዳል” ይላሉ። ጸሐፊያቸው ሰዓዲያም በዚያ ሰዓት እንኳን ሰው ዝንብ አታስገባም። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ በር ጠብቃለች።

የቅጥሩን ፈተናም ከነመልሱ ያወጡት እሳቸው ናቸው። አምስት ጥያቄ። ሁለት ቀን ምሳ እንዳልበሉበት ለኮሚቴው ተናግረዋል።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ሦስተኛውን ጥያቄ ሲያዩ ተደነቁ። ጥያቄው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እስከ ሲግናል ያሉትን መንገዶች ይዘረዝርና፣ አንድ ሰው እያንዳንዱን መንገድ አንድ ጊዜ ብቻ ረግጦ ወደ ተነሳበት መመለስ ይችል እንደሆነ ይጠይቃል። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ወር በገባ በአሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረትን በእግራቸው ይሳለማሉ። በባሕር ዛፉ መሀል የምትሾልከውን ቀጭን አቋራጭ ከእግረኛ በቀር የሚያውቃት ሰው ያለ አይመስላቸውም ነበር። ዶክተር መኪና ከገዙ ወዲህ ዳገት በእግራቸው አልወጡም፤ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ግን ምሁር ነገር ሁሉ ያጠናል ብለው አለፉት።

ዘጠኝ ሰው ቀረበ። ከዘጠኙ አንዱ ሊሊሳ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጫማው የእንጦጦን ቀይ አፈር የጠገበ ቀጭን ልጅ ነው። አሁን ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ፣ በስልክ ለሰዎች ትንንሽ ሥራ እንደሚሠራ ተናገረ። ዶክተር “ሥራ አጥ” ብለው ጻፉ። ከፈተናው በፊት ስልክ ሲሰበሰብ ደግሞ ከሌላው ሰው አንድ አንድ፣ ከሊሊሳ ሁለት ተገኘ። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ይህን ልብ አሉ። ሥራ የሌለው ሰው ሁለት ስልክ ምን ያደርግለታል?

ሊሊሳ የፈተናውን ወረቀት ገለጠና ፈገግ አለ። በአሥራ አንድ ደቂቃ ጨርሶ ወጣ።

ውጤቱ ሲታይ ከሌሎቹ ስምንት የተሻለው ከመቶ ሠላሳ አንድ አመጣ። ሊሊሳ መቶ ደፈነ። ያውም አሠራሩ ከዶክተር የመልስ ወረቀት ጋር መስመር በመስመር አንድ ነው።

“ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል” አሉ ዶክተር።

ወረቀቱን ከእሳቸው ሌላ የነካች አንዲት ሰው ናት፤ በኮፒ ማሽን ያባዛችው ሰዓዲያ። ለዚያውም ጠዋት ከሊሊሳ ጋር ከሲግናል በአንድ ታክሲ መጥታ አብራው ደረጃ ስትወጣ ታይታለች። ሰዓዲያ ልጁን ከዚያ በፊት አይታው እንደማታውቅ ማለች፤ የወረቀቱን ምልክቶች ማንበብ እንኳን እንደማትችል ተናገረች። የሰማት የለም። ዶክተር የስንብት ደብዳቤ እንዲጻፍላት አዘዙ፤ ምክንያቱም “ፈተና በመስረቅ” ተብሎ እንዲሰፍር። ኮሌጁ ውስጥ ከእሷ ሌላ ደብዳቤ አሳምሮ የሚጽፍ ስለሌለ፣ ራሷ እንድትጽፈው ተደረገ።

ጻፈችው። ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ያንን ወረቀት ይዛ ከጉርድ ሾላ እስከ መገናኛ ብትዞር የሚቀጥራት እንደሌለ ታውቃለች። ያም ሆኖ አንዲት ፊደል አልሳተችም።

ቀጥሎ ሊሊሳ ተጠራ። ዶክተር ጥያቄውን ማን እንደሰጠው ቢናገር ምሕረት እንደሚያደርጉለት ነገሩት።

“ማንም አልሰጠኝም” አለ ሊሊሳ። “ካላመኑኝ አዲስ ጥያቄ ያውጡልኝና አሁኑኑ እዚሁ ልፈተን። ከወደቅኩ ለፖሊስ ይስጡኝ። ካለፍኩ ግን እሷ ሥራዋ ላይ ትቆይ።”

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ነገሩ ፍትሐዊ መሰላቸው። የሰዓዲያ ደብዳቤም እስከዚያ ሳይፈረም ይቆይ አሉ። ዶክተር ሰዓታቸውን አዩ። ላባቸውን ጠረግ አደረጉና፣ ለእሳቸው ዓይነት ሰው ግማሽ ሰዓት እንኳን እንደሚበዛ ተናገሩ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ስልካቸውን ይዘው ቢሯቸው ገቡና በሩን ቆለፉ።

ሰዓዲያ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። ያልተፈረመው ደብዳቤ ጭኗ ላይ ነው። ሊሊሳ አጠገቧ ተቀመጠ። በእሱ ምክንያት እንጀራዋ ሊቋረጥ መሆኑን ስትነግረው አልተከራከራትም።

“አይዞሽ፣ ትንሽ ታገሺ” አላት።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የሊሊሳ ሁለተኛው ስልክ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። አውጥቶ አነበበና ለሰዓዲያ አቀበላት።

መልእክቱ የመጣበትን ቁጥር ስምንት ዓመት ስትደውልበት ስለኖረች በቃሏ ታውቀዋለች፤ “ወንድሜ፣ እንደ ባለፈው አምስት ጥያቄ ከነመልሱ በሃያ ደቂቃ ላክልኝ፤ ጠንከር አድርገው፣ አንድ ሌባ እንዳያልፍብኝ ነው” ይላል።