የሙሽራዋ አባት ፀጉር

«መቀሱን አምጪለት» ትላለች የሙሽራው እናት ለፀጉር ሠሪዋ፣ ሰውየው የፀጉር ቤቱን በር ገፍቶ ገና አንድ እግሩን እንዳስገባ።

«ደህና አደራችሁ» ይላል ሰውየው። «ለመታጠብ ነው የመጣሁት።»

ጥፍሯን ቀለም የምትቀባው ሴት ቀና ትላለች። ካስኩ ሥር የተቀመጠችው ደግሞ ቢጎዲን የሞላውን ራሷን አውጥታ ታያለች። ሰውየው ከወገቡ በታች የሚወርደውን ድሬድ ፀጉሩን በቀኝ እጁ ሰብስቦ በሩ እንዳይዘጋበት አድርጎ ያስገባዋል፤ ልጅ እጁን ይዞ መንገድ እንደሚያሻግር ሰው።

ነገ ሠርግ ነው። ሙሽራዋ ልጁ ናት፤ አሥር ጣቶቿን ዘርግታ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ምንም እንዳትነካ ተነግሯት ተቀምጣለች። ሰውየውን ሁሉም ጋሽ ቤዝ ይለዋል። ሠላሳ ዓመት በሬጌ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ሲመታ የወጣለት ስም ነው፤ የመጀመሪያውን ከልጁ በቀር የሚያስታውስ የለም። የሙሽራው እናት ባለፈው ሳምንት ቁርጡን ተናግራለች፦ ያ ፀጉር ካልተቆረጠ ወይም ኮፍያ ካልተደረገበት፣ ሙሽራዋን ይዞ የሚገባው አባቷ ሳይሆን የእሷ ወንድም ነው። ወንድሟ ራሰ በራ ነው። በዚያ በኩል የሚያሰጋ ነገር የለም።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ለእርሶ አስቤ ነው» ትላለች ድምጿን አለስልሳ። «ሰው ያወራል።»

«ምን ይላል?»

«ውሃ ነክቶት አያውቅም ይላል።»

«በማር ነው የሚያጣብቁት» ትላለች ባለ ቢጎዲኗ።

«አይጥ የተገኘበት ሰው አለ» ትላለች ባለ ጥፍሯ። «እኔ አላየሁም። ያየ ሰው የነገረው ሰው ነው የነገረኝ።»

«ደግሞ... ዕቃ ይደበቅበታል ይባላል» ትላለች እናትየዋ። «ዕቃ» ስትል ሁለት ጣቷን ወደ ከንፈሯ አስጠግታ ትመልሳለች።

ጋሽ ቤዝ ከበሮ መቺውን እንደሚያዳምጥ ሁሉ ራሱን ቀስ እያወዛወዘ ይሰማል። «አንዴ የቤቴ ቁልፍ ጠፍቶኝ ጎረቤት አድሬያለሁ» ይላል። «እዚህ ውስጥ ነበር። ከዚያ ሌላ የተደበቀ የለም።»

ሙሽራዋ ትስቅና የአማቷን ፊት አይታ ትተዋለች።

«ታዲያ ለአንድ ቀን ቢቆረጥ ምናለበት? ያድግ የለም እንዴ!»

«ስእለት ነው እህቴ። በራሴ ላይ ምላጭ ላላሳርፍ ለአምላኬ ለጃህ ቃል ገብቻለሁ። ፀጉሩማ ያድግ ነበር፤ ቃሉ ነው የማያድገው። ኮፍያም አላደርግም፤ ልጄን በምድርበት ቀን የምሸሽገው ነገር የለኝም። እርሶን ከከበደዎት ግን በር ላይ ቆሜ አያታለሁ።»

ይህን የሚለው ሳይቀየም ነው። እናትየዋን የሚያናድዳትም ይኸው ነው፤ ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

«አባባ!» ትላለች ሙሽራዋ፣ ልትነሳ እያለች።

«ተቀመጪ፣ ጥፍርሽ ይበላሻል» ብሏት ወደ መታጠቢያው ገንዳ ይሄዳል።

ፀጉር ሠሪዋ ጓንቷን ይዛ ታመነታለች። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ አጥቤ አላውቅም እኮ።»

«ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማጥብለት» ትላለች ሙሽራዋ። «ግራ እጁ ወደ ላይ አይነሳም፤ የጊታሩ ማንገቻ ነው ትከሻውን የጨረሰው። ዛሬ ካልታጠበ ደግሞ ለነገ አይደርቅም። እሱ የእኔን ይሠራልኝ ነበር፣ እትዬ። ሲጫወት አድሮ ይመጣና፣ ጊታሩን እንኳን ሳያወርድ ሹሩባዬን ሠርቶ ትምህርት ቤት ያደርሰኛል። ባንዱ ውጭ አገር ሲሄድም ለእኔ ብሎ ቀረ።»

«ኩፍኝ ይዞሽ ነው የቀረሁት» ይላል ጋሽ ቤዝ ከገንዳው።

«ኩፍኙ በሳምንት ለቀቀኝ። እነሱ ሁለት ዓመት ነው የቆዩት።»

 ፀጉር ሠሪዋ ጓንቷን አጥልቃ ውሃውን ትከፍታለች፤ ማጠብ ትጀምራለች። ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገው ገንዳው ውስጥ ያያሉ፤ አረፋው ነጭ ነው፣ የሚወርደው ውሃም ጥርት ያለ ነው። ባለ ጥፍሯ ትንሽ ቅር ያላት ትመስላለች።

ውሃ የጠጣውን ድሬድ ፀጉር ሠሪዋ ልታነሳው ትሞክርና መልሳ ታስቀምጠዋለች። «ኧረ በስማም! ይሄን ነው ተሸክመው የሚዞሩት?»

«ሁለት ሰው ነው የሚጨምቀው፣ እንደ ብርድ ልብስ» ትላለች ሙሽራዋ። «አንዱ አንገቱ እንዳይጎተት ከሥሩ ይይዛል፣ ሌላው ከጫፉ ይጠመዝዛል።»

ባለ ጥፍሯ ጥፍሯን ታያለች። ባለ ቢጎዲኗ ወደ ካስኳ ትመለሳለች። ቤቱ ውስጥ እጇ ሥራ የፈታ ሴት አንዲት ብቻ ናት።

እናትየዋ የእጅ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። የእጅ ሰዓቷን ፈታ ከጎኑ ታኖራለች። «ከሥር ነው ከጫፍ?»

«ከሥር፣ እትዬ። ራሱን ይደግፉልኝ።»

እንደ ገመድ ይሻክራል ብላ ነበር። የረጠበ ሱፍ ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ከሥሩ ያለው ሙቀት የሰው ነው። የሰውየው ራስ ሙሉ ክብደቱን መዳፏ ላይ ጥሎ ዓይኑን ጨፍኗል። የሰው ራስ እንዲህ ለመጨረሻ ጊዜ የያዘችው፣ ነገ የሚያገባው ልጇ ገና አንገቱ ሳይጸና ነበር።

አንድ ነገር ጣቶቿን ይነዝራቸዋል። መጀመሪያ የቧንቧው ንዝረት መስሏት ነበር። ሰውየው ነው፤ ከጉሮሮው ሥር በቤዝ ድምፅ ያንጎራጉራል፤ ጆሮዋ ሳይሰማው እጇ ሰማው።

«አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም። እጅዎ ጥሩ ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ ከጫፉ ትጠመዝዛለች። ውሃው ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ይንጠባጠባል።

«ነገ ስትገቡ ፀጉሩ ቬሎዋ ሥር እንዳይገባ» ትላለች እናትየዋ፣ ለማንም ሳይሆን ለገንዳው፣ «ከኋላ ሆኜ እይዘዋለሁ።»

ሙሽራዋ የደረቀውንም ያልደረቀውንም ጣቷን ረስታ ፊቷን በሁለት እጇ ትሸፍናለች። እናትየዋ ግን አላየቻትም። እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሶ፣ ያንን ራስ እንደያዘች ቆማለች፤ መጨመቁ ካበቃ ቆይቷል።