የሞቀው አስተያየት

ጽሑፍ ሲነኩት የጻፈውን ሰው የእጅ ሙቀት መስጠት ከጀመረ ወዲህ፣ የውሸት አስተያየት መለየት ቀላል ሆኗል። ማኅደር ቬትናም ሄዳ እንግሊዝኛ ልታስተምር አስባ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ የተጻፈውን ሁሉ ስልኳ ላይ አንድ በአንድ ነካካች። ሁሉም ቀዝቃዛ ነው፤ ማሽን የጻፈው። በመጨረሻ አንዱ ጣቷን አሞቀው፦ «ኑ፣ እዚህ ሁሉም ደህና ነው።»

«እማዬ፣ ይሄስ የእውነት ሰው ነው! እስቲ ንኪው።»

እናቷ ወይዘሮ ዘርፌ መዳፋቸውን አሳረፉበት። ከዚያ ልጆቻቸው ሲታመሙ ግንባራቸውን እንደሚዳስሱት፣ በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት።

«ይሄን የጻፈውን ልጅ እኮ ያተኩሰዋል» አሉ።

እናቷ የነጠላቸውን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክረው ስልኩ ላይ ጣል አደረጉበት።

«አንቺም ስትታመሚ እንዲህ ብለሽ ልትጽፊልኝ ነው?»