አሥራ አምስተኛው መስመር

ቁልፉን ስትጫነው ጣቷ የሌላ ሰው ጣት መሰላት። የፋይል ስሞች በኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ ተንደርድረው ወረዱና፣ አክስቷ ወንበራቸውን አስጠግተው ሳይጨርሱ ቀጥ አሉ።

"አለቀ?" አሉ አክስቷ።

"አለቀ፣ እቴቴ።"

የካርድ ክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን አየ። "አርባ ሰከንድ! እሳቸውን እኮ ቀኑን ሙሉ ነው የሚይዛቸው" አለ። ስልኩ ጮኸበት። "መጣሁ፤ ከዚያ ወረቀቱን እንፈርማለን" ብሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ወረቀቱ ምን እንደሚል ሁለቱም ያውቁታል። ሙከራው ከተሳካ ከሰኞ ጀምሮ የአክስቷ ቦታ ይዘጋል። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ስካን ተደርጎ የመጣውን የየሕፃኑን ካርድ እየከፈቱ፣ የእናቱን የካርድ ቁጥርና የተወለደበትን ቀን ከመዝገብ አይተው በፋይሉ ስም ላይ ሲጽፉ ኖረዋል። እናቷ ስትሞት ወስደው ያሳደጓት፣ ሆስፒታሉ ኮምፒውተር ክፍል እንድትገባም ደጅ የጠኑላት እሳቸው ናቸው። ይህንኑ ሥራ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲሠራ የሚያዘውን ስክሪፕት ጻፊ የተባለች ዕለት ልታለቅስ ሞክራ ነበር፤ እንባው እምቢ አላት። ጻፈችው። አሥራ አራት መስመር ወጣው።

"ስንት ገባ?" አሉ አክስቷ።

"አራት መቶ አሥራ ሁለት።"

"ስንት ወጣ?"

አስቆጠረችው። "አራት መቶ ዘጠኝ።"

አክስቷ አልደነቃቸውም። "መንታዎቹ ናቸው። ዛሬ ሦስት ጥንድ ነበሩ። እናታቸው አንድ፣ ቀናቸው አንድ፣ የፋይላቸውም ስም አንድ ይሆናል፤ ኋለኛው ፊተኛውን እየዋጠው ነው።"

የሠራችው በግልባጭ ላይ ስለነበር ዋናዎቹ አልተነኩም። ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ በስልክ ይስቃል። እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

"እቴቴ፣ አልሠራም ብንለውስ? ሦስት ጎደለ እንበለው። ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።"

አክስቷ እጇን ይዘው መልሰው ኪቦርዱ ላይ አኖሩት።

"ሌላ ሰው አስመጥቶ ያሠራዋል። ያ ሰው የመንታዎቹን ነገር በየት አውቆት?" ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ። "እኔ ፊደል ነው የምጨምረው። የቀደመው ሀ፣ የተከተለው ለ። ጻፊው፣ የኔ ልጅ።"

ጻፈችው፦ ስሙ የሚደገም ከሆነ በየተራው ፊደል ጨምር። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ይላወሳል ብላ ጠበቀች። ደረቷ ግን ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ደንዝዞ ነበር።

"ሦስት ሲወለዱስ?" አለች።

"ሐ ነዋ። አንዴ ገጥሞኛል፤ ሦስቱም ሴቶች።" የአክስቷ ፊት ለአፍታ ፈካ፣ ወዲያው ወደነበረበት ተመለሰ።

ኃላፊው ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። "እንፈርም?"

"አንዴ ይጠብቁን" አሉ አክስቷ። "ደግማ ትሞክረው።"

ተጫነችው። አክስቷ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው፣ የሚወርዱትን የእናቶች ቁጥሮች በከንፈራቸው ይከተሉ ጀመር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ደረሱባቸው። ቀጥሎ ዘለሉ፤ ደግሞ ዘለሉ። ቁጥሮቹ ጥለዋቸው መውረዳቸውን ቀጠሉ፤ ከንፈራቸውም አንዱን ቁጥር ሳይጨርስ፣ ገርበብ እንዳለ ቆመ።