የሁለት ደቂቃ ምስክር

የሌሊቱ የአማርኛ ሬዲዮ አዘጋጅ፣ «ጋሽ ይድነቃቸው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስለ ዩፎ፣ ማለትም ስለዚያ ምንነቱ ስላልታወቀ በራሪ ነገር፣ ያለዎትን በሁለት ደቂቃ!» ሲለው፣ ይድነቃቸው ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ከሶፋው ተነሣ። ክሪስታል ሲቲ ከሚባለው ሰፈር ሰማይ ላይ ያየው ብርሃን ቤት ውስጥ በተወራ ቁጥር እየፋፋ ስታዲየም አክሎ ስለነበር፣ ሚስቱ ልዕልት «ሕዝብ እየሰማህ ሳታጋንን ተናገር፤ ያኔ አምንሃለሁ» ብላው መኝታ ቤት ሆና በኢርፎን ታዳምጠው ነበር።

ብርሃኑን ላያጋንን ምሏል። ሰላምታውን ግን ማን ከለከለው? «በመጀመሪያ የዚህ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ አዘጋጅ፣ እንደምን አመሸህ! ቴክኒሻኑም እንደዚሁ! በበልትስቪል፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በየብስ፣ በባሕርና በአየር ላይ ያላችሁ አድማጮች በሙሉ...» ጳጳስ እንኳ እንዲህ አድርጎ ሕዝብ አልባረከም። «ወደ ጉዳዬ ስገባ፣ ብርሃኑ...»

«ሰዓትዎ አልቋል፣ እናመሰግናለን! ቀጣይ ደዋይ?»

«ያየኋት ብርሃን የሲጋራ እሳት ነው የምታክለው» አለች አንዲት ሴት ከአሌክሳንድሪያ፣ ሰላም እንኳ ሳትል። «ክሪስታል ሲቲ ላይ ቆማ ቆማ ጠፋች።»

ይድነቃቸው ያየው ልክ ይህንኑ ነበር። አፉን ሳይከድን ልዕልት በሩን ከፈተች።

«ሰማሃት?» አለችው ኢርፎኗን እየነቀለች። «እውነት ያየ ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው።»