የወፏ ድርሻ

ጃተኒ መዳፎቹን ገጥሞ ሲያፏጭ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ድሮ ፉጨቱ ሳያልቅ ከች የምትለው ማር መሪዋ ወፍ ድምጿም የለም። የበኩር ልጁ ስም ሊወጣ ሁለት ቀን ቀርቷል። ሽማግሌዎቹ የማር ብርዝ ሳይቀምሱ ልጁን ሊመርቁት ነው? ከዚያ ወዲያ በየት በኩል ቀና ብሎ ይሄዳል!

ሁሉም ነገር አስጠልቶታል። ጠዋት እንኳ ሚስቱ ጡሜ ያቀበለችው የወተት ጮጮ አፍስሶ ሽርጡን አበላሽቶበታል።

"ተቀይማናለች" አለ ጃተኒ፣ አብሮት ጫካ ለወጣው ለሞሉ። መጀመሪያ ባዶ እጁን የገባ ቀን ይህንኑ ያለችው ጡሜ ናት። ድርሻዋን የተነፈገች ወፍ ወይ ትጠፋለች፣ ወይ ነብር አፍ ላይ ወስዳ ትጥላለች። በአገራቸው በድሬ ምድር ይህን የማያውቅ የለም።

"ምን በድለናት?" አለ ሞሉ። ሃያ ዓመት አብረው ማር ቆርጠዋል። ጃተኒ ጢስ ይዞ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ሞሉ ከታች ሆኖ ይቀበላል፤ የወፏን ድርሻ፣ የሰም ሰፈፉን፣ ቅጠል ላይ የሚያኖረውም እሱ ነው።

"እሱን አንተ ንገረኛ። ምን ያህል ነበር የምትተውላት?"

"የጥፍሬን ያህል። አባትህ እንዳስተማረን።"

"አባቴማ ቋጣሪ ነበር።"

"ቢቋጥርም ማር አጥቶ ያደረበት ቀን የለም።"

"አትቀልድብኝ። የቀረውን የት ነው የምታደርሰው?"

"የት አደርሰዋለሁ? ሰፈፉን ሁሉ ጠራርገህ ለጡሜ የምታስገባው አንተ ነህ። የወተት ዕቃዋን ቀዳዳ ትድፈንበት ብለህ።"

የጃተኒ ደም ፈላ። "ደግሞ የቤቴን ሰፈፍ ትቆጥርብኛለህ? ሌባ!"

ቃሉ አንዴ ከአፉ ወጣ። ሞሉ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

"እንግዲህ ብቻህን ፈልጋት" ብሎ ሄደ።

ጃተኒ ጉሮሮው እስኪደርቅ አፏጨ። ምንም የለም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ተስፋ ቆርጦ፣ ሞሉን እየረገመ ወደ ቤቱ አዘገመ።

ከጓሮው ግራር ሥር ጡሜ ቁጢጥ ብላለች። ፊት ለፊቷ ቅጠል ላይ የተዘረጋ እፍኝ ሙሉ ሰፈፍ አለ። ከበላይዋ፣ ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ ወፏ ሆዷን ወጥራ ታንቀላፋለች።

"ብይ እንጂ እናቴ" ትላታለች ጡሜ፣ "አምስት ቀን ሙሉ እስክትጠግቢ አበላሁሽ፤ አሁን እንኳ ጃተኒን ይቅር በይው።"