የሚወዛወዝ ጎማ

የሰርክአዲስ ባል የጎረቤታቸውን የሉጥፊያን አሮጌ ኮሮላ በክሪክ አንስቶ፣ መሪውን ከጎማው የሚያያይዘውን ቴስቲኒ እየቀየረ ነበር። ሰርክአዲስ የመጨረሻውን ጓዝ ይዛ መጥታ፣ እዚያው ጋራዥ በቆመው በራሳቸው ኮሮላ ውስጥ ክላክሱን ደጋግማ አስጮኸች። ተኩሱ ከቡሪ ሰፈር ወደ እነሱ ሰፈር ወደ አርካዊት እየቀረበ ነበር።

«ያላ በል እንጂ!»

«የሉጥፊያ ምጥ ገፍቷል እኮ፤ ሁለት ደቂቃ!» አላት ቀና ሳይል።

መለዋወጫ ሱቆች ከተዘጉ ሳምንት አልፏቸዋል። ቴስቲኒውን ከየት እንዳገኘው ለመጠየቅ ግን ትዕግሥት አልነበራትም። ጎማውን በሁለት እጁ ነቀነቀው፤ አልተወዛወዘም። ክሪኩን እንዳወረደ ሉጥፊያን ባሏ ይዟት ተፈተለከ።

የሰርክአዲስ ባል እጁን በጨርቅ እየጠረገ እዚያው ቆመ። ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ። ሞተሩን አስነስታ መሪውን ወደ በሩ ጠመዘዘችው።

ግራው ጎማ ዞረ። ቀኙ ንቅንቅ አላለም።