ሰባተኛው ሳሙና

«አንዲት ጠብታ ደም ካየሁ ምላጩን ይዤው ነው የምሄደው። ከነገ ጀምሮ ማዕዘኑ ላይ ያለው ልጅ ጋ ትላጫለህ» አለች ልጃቸው፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ተደግፋ። የልብስ መለኪያ ሜትሯ እንኳ ከአንገቷ አልወረደም፤ ከስፌት ቤቷ በቀጥታ ነው የመጣችው።

አባ አረፋ ብሩሹን ለብ ካለው ውሃ አውጥተው ሁለት ጊዜ አራገፉና ሳሙናው ላይ ማሽከርከር ጀመሩ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ጢም ሲላጩ ኖረው፣ ዛሬ በገዛ ልጃቸው ፊት ለፈተና መቅረባቸው አንገብግቧቸዋል። ማዕዘኑ ላይ ያለው ልጅ ደግሞ አረፋ ከቆርቆሮ የሚያወጣ ፀጉር አስተካካይ ነው። ጫን ሲሉት ፊስስ የሚል አረፋ! እሱ ወንበር ላይ ከሚቀመጡ ጢማቸው ጉልበታቸው ድረስ ቢወርድ ይመርጣሉ።

እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ደብቀውት ነበር። ሻይ ሲቀርብላቸው «ይብረድልኝ» ይሉና ሰው ዞር ሲል በሁለት እጃቸው ያነሱታል። ባለፈው ሐሙስ ግን አገጫቸው ሥር ተቆረጡ፤ ልጃቸው ስትመጣም ፎጣውን በደም ርሶ አገኘችው። ከዚያማ ጉድ ፈላ።

«ለምን ዝም ብለህ አታሳድገውም? ነጭ ጢም ያምርብሃል እኮ።»

«ሳሙናውን ማን ይጨርሰው?»

ሳትወድ ሳቀች። የጢም መላጫ ሱቃቸውን ሲዘጉ አስራ አንድ የጢም ሳሙና ተርፏቸው ወደ ቤት ይዘውት ገብተዋል። አንዱን ሳልጨርስ ሌላ አልከፍትም፣ ሁሉንም ሳልጨርስም አልሞትም ብለው ምለዋል። ስድስቱ አልቀዋል። ይኼኛው ሰባተኛው ነው፤ መሃሉ ተበልቶ የተቀመጠበት ጣሳ ታች ብቅ ብሏል፣ የቀረው ዙሪያው ብቻ ነው። እሱንም በአውራ ጣታቸው ወደ መሃል ገፋ አደረጉት። እንዲህ ያለ ቅሪት የሚጥል ሰው ያናድዳቸዋል።

ብሩሹ ሲዞር ትላልቅ ቀዳዳ ያለው አረፋ ተነሳ።

«አየሽ? ይኼ ውሸታም ነው» አሉ፣ ማኩረፋቸውን ረስተው። «ሲያዩት ያምራል፣ ፊት ላይ ሲያርፍ ድራሹ ይጠፋል። ሰው ይቸኩልና ውሃ ያበዛል። ውሃ በጠብታ ነው።»

በጣታቸው ጫፍ ሁለት ጠብታ አከሉና እንደገና መቱት። እጃቸው እንደ ልማዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ብሩሹም አብሮ። ሊያቆሙት ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው። ተዉት። ጥቂት ቆይተው ጣሳው ውስጥ ሲያዩ አረፋው ወፍሮ እንደ እርጎ ረግቷል፤ ለዓይን የሚታይ ቀዳዳ የለውም። በአርባ ዓመት እንዲህ ያለ አረፋ መትተው አያውቁም።

«ይኼ እጅ ለካ አንድ ነገር ያውቃል!» ብለው ከልባቸው ሳቁ።

ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ፊታቸውን በአረፋው ሸፈኑና ታጣፊውን ምላጭ ከፈቱ።

ምላጩ መስታወቱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ወደ ጉንጫቸው አስጠጉት፣ መለሱት። ክርናቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው ደገሙት፣ አሁንም መለሱት። አባ አረፋ ፈሩ። ደሙ አልነበረም ያስፈራቸው፤ ከዛሬ በኋላ የገዛ ፊታቸውን ለማያውቁት ሰው እያስረከቡ መኖራቸው ነው።

«አረፋው እየደረቀ ነው፣ አባዬ» አለች ቀስ ብላ።

እንዲህ ብሎ የሚያስተውል ሰው የመላጨትን ሥራ የሚወድ ሰው ነው። ይኼን ሲያስቡ አንድ የረሱት ነገር ትዝ አላቸው። ልጃቸው ያኔ አስራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሱቅ መጥታ «እኔንም አስተምረኝ» አለቻቸው። ደንበኛ ሁሉ እየሰማ «ይኼ የሴት ሥራ አይደለም፣ ሂጂ እናትሽን አግዢ» አሏት፣ ሰዉም ሳቀ። ዳግመኛ አልጠየቀችም። ያን ቀን ለምን እንደዚያ እንዳሏት ዛሬ ሲያስቡት ምንም ምክንያት አጡለት።

ምላጩን አዙረው እጀታውን ወደ እሷ ዘረጉ።

«ነይ።»

«እኔ?»

«ክር መርፌ ውስጥ ስታስገቢ ስቶሽ አያውቅም። ነይ።»

አልተንቀሳቀሰችም። «ያኔ ግን…»

«አውቃለሁ ልጄ። አጥፍቻለሁ።»

ምላጩን ተቀበለቻቸው። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ሊያስረዷት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከየት እንደሚጀመር፣ ምላጩ ምን ያህል እንደሚያጋድል፣ ጢሙ ወዴት እንደሚተኛ። ፋታ አልሰጠቻቸውም። ብሩሹን ውሃ አስነክታ የደረቀውን አረፋ አለሰለሰች። በአንድ ጣት አገጫቸውን ቀና አደረገች፣ ጆሮ ግንዳቸው ሥር ቆዳውን በግራ አውራ ጣቷ ወደ ላይ ወጠረች፣ ምላጩንም አጋድማ አስጠጋች።

ከዚያ አቆመች። ትከሻቸውን በጣቷ ጫፍ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች።

አባ አረፋ ደነገጡ። አርባ ዓመት ሙሉ ምላጭ ከማሳረፋቸው በፊት ደንበኛውን «አሁን እንዳትንቀሳቀስ» የሚሉት እንዲህ ነበር፣ ያለ ቃል። ለማንም ነግረው አያውቁም፤ ራሳቸውም ረስተውታል። ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ስንት ዓመት ቆማ አይታቸው ይሆን?

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደማንኛውም ደንበኛ ትንፋሻቸውን ያዙ።